መርፌ ካልወጉኝ አልድንም

በመርፌ ላይ ቂም አለኝ። ለጉንፋን መርፌ፣ ለድካም መርፌ፣ ለወገብ መርፌ እያልኩ ስጮህ ከርሜአለሁ። በዚህ ሳምንት ተራው የክርን ሆነ።

ሰፈራችን ውስጥ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ እትዬ አሉ። ቀኝ ክርናቸውን በውጭ በኩል ይጠዘጥዛቸው ጀመርና የቡና ስኒ ማንሳት አቃታቸው። ጎረቤቱ በአንድ ድምፅ «ብርድ ነው» ብሎ ፈረደ፤ ብርድ በእኛ አገር የማይከሰስበት ወንጀል የለም። ወጌሻ በቅቤ አሻቸው። ክሊኒክ ሄደው ራጅ ተነሡ፤ ራጁ ምንም አላሳየም፤ የኮርቲዞን መርፌ ተወጉ። በሳምንቱ «ዳንኩ ልጄ!» ብለው ወደ ሳፋቸው ተመለሱ። ይኸው አሁን ሕመሙ ብሶበት መጥቷል።

ራጁ ዝም ማለቱ አይገርምም፤ እሱ የሚያሳየው አጥንት ነው፣ የታመመው ጅማት። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ ክርን ላይ የሚያያዝበት ጅማት ነው የተጎዳው። ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሐኪም እጅ ይበቃል። ታማሚው ክንዱን ዘርግቶ፣ ጡጫውን ጨብጦ አንጓውን ሊያነሣ ሲታገል ሐኪሙ ከላይ ይጫነዋል፤ የክርኑ ውጭኛ አጥንት ላይ ካመመው ነገሩ ታወቀ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ግን ነርቭ ይጠረጠራል። ክርኑ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ከመጣም ማደር የለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ነው።

መርፌውማ ያሽላል፤ ለጥቂት ሳምንታት። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 165 የዚህ ሕመም ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ኮርቲዞን ከተወጉት 54 በመቶው አገረሸባቸው። መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው 12 በመቶ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ሐኪም ምን ሊሠራ ነው?» ይሉኛል መርፌ ወዳዶች። ጅማቱን ያለማምድ! ውሃ ያለበት ሃይላንድ ይዞ አንጓን ቀስ እያሉ ማውረድ፣ ሲለመድ ክብደት መጨመር። ወራት ይፈጃል፤ አብዛኛው ሰው ግን በዓመት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። እትዬን ሲያጥቡ ቆሜ አየሁ። ጂንስ ሱሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ የጠጣ ጋቢ፤ ሁሉንም ብቻቸውን ይጠመዝዛሉ። ያን ክንድ ምን መርፌ ይችለዋል? «ትንሽ አረፍ ይበሉ» የሚላቸው ሞልቷል፤ ያረፉበትን ቀን የሚከፍላቸው ግን አላየሁም። ልብሱ ደግሞ የእኛው ነው፤ የእኛ የጎረምሶቹ።

ስለዚህ የሰፈሬ ወንዶች፣ ከባድ ከባዱን ራሳችሁ ጭመቁ። አንችልም ካላችሁ ሳይጨመቅ ይሰጣ፤ ሁለት ቀን ይንጠባጠብ። ከእትዬ ሒሳብ ግን ሳንቲም አትጎድልም።