«ቤት ውስጥ ሰው የለም» የሚል ኮምፒዩተር

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጎፋ አካባቢ ነው። የክፍለ ከተማው ስም ግማሹ ራሱ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። «ንፋስ ስልክ» ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ላይ መልእክት የሚያመላልስ ስልክ፣ በዛሬ አነጋገራችን ራዲዮ ማለት ነው። አባቶቻችን መሣሪያውን ከውጭ አስመጡት፤ ስሙን ግን ከቤታቸው አወጡለት። እኔ ግን በተማሪነቴ ዘመን ኮምፒዩተርን የቤታችን ስልክ መልስ ሰጪ ባደረግሁ ጊዜ መሣሪያውንም ልማዱንም እንዳለ ከውጭ ተቀበልሁ። ስሕተቴ ለዛሬ ተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ጊዜው የ1996 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት መስጠት ከጀመረ (እ.ኤ.አ. 1999) ገና አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በእኛ ሠፈር በኪሱ ስልክ የያዘ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። በመሆኑም የቤታችን ስልክ የቤታችን ብቻ አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ቁጥራችንን ለዘመዶቻቸው ይሰጣሉ፤ ስልኩ ሲጮኽ ከእኛ ከልጆቹ አንዱ ሮጦ ይጠራቸዋል። ሰው ከሌለ ግን ከዋሽንግተንም ሆነ ከደሴ የተደወለው ጥሪ ባዶ ቤት ውስጥ ጮኾ ይቀራል። አንድ ዘመዴ ትቶልኝ የሄደው አሮጌ ኮምፒዩተር በውስጡ ድምፅ መቅዳትና ማሰማት የሚችል ሞደም እንዳለው ባወቅሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ይረዳዋል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። መደበኛ የስልክ መስመር ማንም ሳያነሣው 48 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከስልክ ማእከሉ ይመጣበታል። ጥሪ ሲኖር ማእከሉ በዚያው መስመር ላይ ተለዋዋጭ የሆነ የደወል ኤሌክትሪክ ይልካል። ሞደሙ ይህን ሲያገኝ ለኮምፒዩተሩ «ሪንግ» የሚል ቃል ያቀብለዋል። ፕሮግራሙ ደወሉን ይቆጥራል፤ አራት ሲሞላ እጀታው የተነሣ ያህል የኤሌክትሪክ ዑደቱ እንዲገጠም ያዛል፤ ቀድሞ የተቀዳውን ሰላምታ ያሰማል፤ ከዚያም የደዋዩን ድምፅ ይቀዳል። ትእዛዞቹ «ኤ» እና «ቲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምሩ ናቸው፤ ልማዱን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሄይስ ሞደም ነው።

ድምፁስ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? የስልክ መስመር የሚያሳልፈው የድምፅ ድግግሞሽ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ነው። ይህን ሳያዛቡ ወደ አኃዝ ለመለወጥ ከ3,400 እጥፍ በላይ ናሙና በየሴኮንዱ መውሰድ ያስፈልጋል፤ በመሆኑም 8,000 ናሙና እንዲሆን ተወስኗል። እያንዳንዱ ናሙና 8 ቢት ቢሆን በሴኮንድ 64,000 ቢት፣ በደቂቃ ደግሞ 480,000 ባይት ይሆናል። የእኔ ኮምፒዩተር ባለ 10 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ባዶ ቢሆን ኖሮ ከ340 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ መልእክት ይይዝ ነበር ማለት ነው። ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፑልሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚቀዳ መሣሪያ ሲፈለስፍ አንዱ ሐሳቡ ይኸው የስልክ መልእክት መያዝ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ሆኖ ያንኑ ሥራ በቀላሉ መሥራት ቻለ።

ችግሩ የጀመረው ሁሉም ነገር በትክክል መሥራት በጀመረበት ቀን ነው።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በአሜሪካ ነበር። ደዋዩ መዝጋቱን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው የአሜሪካ ማእከሎች የሚያሰሙትን የ480 እና የ620 ኸርዝ ቅይጥ ድምፅ በመስማት፣ ሁለተኛው ለአራት ሴኮንድ ያህል ጸጥታ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ለእኛ መስመር አልሠራም። ስለዚህ ጸጥታውን ብቻ መጠበቅ ነበረበት። አሁን አንድ አዛውንት ከደብረ ብርሃን ሲደውሉ አስቡ። «እንደምን ሰነበታችሁ?» ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ሰላምታ መልስ አለውና። መልስ ሲያጡ «ደኅና ናችሁ ወይ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብለው ይቀጥላሉ፤ አሁንም ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ አራት ሴኮንዱን ቆጥሮ መስመሩን ይዘጋባቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከተቀዱት መልእክቶች አብዛኞቹ ሰላምታ ብቻ ነበሩ። ጉዳዩን የነገረን ሰው አልነበረም፤ ጉዳይ የሚነገረው ሰላምታ ካለቀ በኋላ ነውና። እናቴ «ይህ ዕቃ ሰው ፊት ላይ በር ይዘጋል» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። የጸጥታውን ጊዜ ወደ 15 ሴኮንድ፣ የመልእክቱን ርዝመት ደግሞ ከ30 ሴኮንድ ወደ ሦስት ደቂቃ አራዘምሁት። በአንድ ቁጥር ውስጥ የአንድ ሕዝብ የንግግር ልማድ ተቀብሮ እንደሚገኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛውን ስሕተት በቁጥር ማረም አልተቻለም። ሰላምታውን የቀዳሁት እንደ ቀልድ ነበር። «ሃሎ! አቤት…» ብዬ ጥቂት ዝም እልና «ቤት ውስጥ ሰው የለም፤ መልእክትዎን ይተዉ» እላለሁ። ጓደኞቼ ተታልለው ማውራት ሲጀምሩ መስማት ያስቀን ነበር። ደግሞም የኮምፒዩተሩን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ስለምተወው መልእክቱ እየተቀዳ ሳለ ሳሎን ድረስ ይሰማል፤ ማን እንደደወለ አውቆ ማንሣት ወይም መተው ይቻላል። በውጭ አገር እንደ ትልቅ ጥቅም የሚቆጠር ነገር ነው።

አንድ ከሰዓት አያቴ ብቻቸውን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ስልክ ሲጮኽ እንዳይነሡ፣ ኮምፒዩተሩ እንደሚቀበል ነግረናቸዋል። የደወሉት ጆሯቸው በደንብ የማይሰማው አጎቴ፣ የአያቴ ልጅ ናቸው። «አቤት» የሚለውን ድምፄን እንደሰሙ እኔ ያለሁ መሰላቸውና የቀረውን ሳያዳምጡ ከሰላምታ በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ። የአያቴ ታናሽ ወንድም በዚያ ጠዋት አርፈዋል። «እናቴ እንዳትሰማ፤ ለአባትህ ብቻ ንገር፤ ነገ በማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን» አሉ። ይህን ሁሉ አያቴ ከድምፅ ማጉያው ሰሙት።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ቀርቦ ነው። አያቴ የሰሙት ከማሽን፣ ብቻቸውን፣ «እናቴ እንዳትሰማ» በሚል ቃል ታጅቦ ነው። ማሽኑ ምንም አልተበላሸም፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ በሚገባ ፈጽሟል። ጥፋቱ ማሽኑን ሰው ያስመሰልሁት የእኔ ነው።

በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ የማልለውጠው አቋም አለኝ። ሰውን ወክሎ የሚመልስ መሣሪያ የመጀመሪያ ቃሉ «እኔ መሣሪያ ነኝ» የሚል መሆን አለበት፤ የተቀበለውንም መልእክት ከተላከለት ሰው በቀር ለማንም ማሰማት የለበትም። ይህ የድሮ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 እንደ ሰው እያሰበ የሚመስልና «እህም» እያለ ስልክ የሚደውል ፕሮግራም ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ከሁሉ የበረታው ወቀሳ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ከማሽን ጋር እንደሚነጋገር አለማወቁ ነበር፤ ኩባንያውም ማሽንነቱን እንደሚያሳውቅ ቃል ገባ። ጎፋ ውስጥ በአንድ ሳሎን የተፈጸመው ስሕተት በመጠን እንጂ በዓይነት ከዚያ አይለይም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ድምፅ ማጉያውን ዘጋሁት። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን ሣጥንና የምሥጢር ቁጥር ሰጠሁት። ቁጥሩን ከሌላ ስልክ ደውሎ መምታት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ በአንድነት ያወጣልና፤ ለምሳሌ 5 ሲነካ 770 እና 1,336 ኸርዝ ናቸው። እነዚህን ሁለት ድምፆች ከንግግር መካከል ለይቶ ማውጣት ለሒሳብም ለፕሮግራም አጻጻፍም ግሩም መልመጃ ነው፤ ጄራልድ ጎርትዘል እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው ቀመር ከሃያ በማይበልጥ መስመር ይጻፋል። (በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት ያረጀ ስልክ ግን እነዚህን ድምፆች ስለማያወጣ፣ አባቴ ከሥራ ቦታው መልእክቱን ማዳመጥ አልቻለም።)

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። መብራት ሲጠፋ የመደበኛው ስልክ ከማእከሉ ባትሪ ስለሚመገብ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይሞታል። ይህም ብቻ ሳይሆን 100 ዋት የሚፈጅ ኮምፒዩተር ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 3.6 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለ20 ሰዓት ከመጋገር ጋር እኩል ነው። እናቴ ሒሳቡን ስነግራት የሰጠችኝን መልስ እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሸጡትን ራስበሪ ፓይን የመሰሉ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ኮምፒዩተሮች የሚጠቀም ተማሪ በ5 ዋት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የአንድ ሰዓት ጋገራ ነው።

«ሁሉም ሰው ተንቀሳቃሽ ስልክ በያዘበት ዘመን ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሚስኮል ማን እንደደወለ ይነግረናል፤ ለምን እንደደወለ ግን አይነግረንም። ከሳሪስ እስከ ጀሞ ያሉትን ክሊኒኮች፣ ጋራዦችና ትምህርት ቤቶች አስቡ፤ በምሳ ሰዓት የሚጮኸውን ስልክ የሚቀበል፣ ከሁሉም በላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በወጉ ሰላም ብሎ የሚቀበል ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የአማርኛ የንግግር ክምችት ሃያ ሰዓት ያህል የሚዘልቅ ቢሆንም የተነበበ ጽሑፍ ነው። በስልክ ላይ የምንለዋወጠው፣ የሚቆራረጠውና የሚደጋገመው ሰላምታችን ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን መሰብሰብ የእናንተ ሥራ ነው፤ ሲሰበሰብ ግን ተናጋሪው አውቆና ፈቅዶ ይሁን። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

ይሁንና ሕጉ የማይፈታው ነገር አለ። አጎቴ ካረፉ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው የአባታቸው ድምፅ በእኔ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዳለ ሰምተው ጠየቁኝ፤ ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም። ያለኝ ያ የመርዶ መልእክት ብቻ ነው። የማን ነው? የተናገሩት የአጎቴ? የተላከለት የአባቴ? ወይስ ሳይላክላቸው የሰሙት የአያቴ? አባቴን አማክሬ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ሴኮንዶች ቆርጬ ሰጠኋቸው። በእነዚያ ሃምሳ ሴኮንዶች አጎቴ ከሰላምታ በቀር ምንም አይናገሩም፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አያቴ እግር ይጠይቃሉ፤ በየመሐሉም ዝም ብለው መልስ ይጠብቃሉ። የቀረውን እስካሁን አላጠፋሁትም።