ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና፦ የሕግ ትምህርት ለተገልጋዩ ያለው ፋይዳ

በአገራችን የብድር መያዣ ሲባል ለረጅም ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ቤት ወይም ሕንፃ ነው። ቤት የሌለው፣ ነገር ግን ማሽን፣ የምርት ክምችትና ከደንበኞች የሚሰበሰብ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ብድር ለማግኘት ሲቸገር ቆይቷል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት የዋስትና መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይህን ችግር ለማቃለል የወጣ ሲሆን፣ ጥቅሙ ለዜጋው በተሟላ ሁኔታ የሚደርሰው ግን ውሉን በአግባቡ የሚያዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎች ሲኖሩ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመሠረቱ መያዣ የተደረገው ዕቃ ከባለዕዳው እጅ እንዲወጣ ይጠይቃል። አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዎቹን ለአበዳሪ ካስረከበ ብድሩን የሚከፍልበት ሥራ ይቆማል። በአዋጁ መሠረት ግን ተበዳሪው በንብረቱ እየተገለገለ ዋስትና መስጠት ይችላል። የአበዳሪው መብት በብሔራዊ ባንክ ሥር በሚገኘው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚመዘገብ ሲሆን፣ በአበዳሪዎች መካከል ያለው ቅድሚያም በመርህ ደረጃ በምዝገባው ቅደም ተከተል ይወሰናል።

የሕግ ትምህርት ቤቶች ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተማሪው የውል፣ የንብረት፣ የኩባንያ፣ የግብርና የኪሳራ ሕጎችን በተለያዩ ኮርሶች ይማራል፤ አንድ የብድር ውል ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሰፊ ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቷል፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ተሰብሳቢ ሂሳቦችን በማሰባሰብ በእነርሱ ላይ የተመሠረቱ ሰነዶችን ለባለሀብቶች መሸጥን የመሳሰሉ የተቀናበሩ የፋይናንስ አሠራሮችን የሚያጠና ተማሪ፣ ግብይቱን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው መከታተልና ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ መለየት ይማራል።

ይህ ዕውቀት ሲጎድል የሚጎዳው ተገልጋዩ ነው። ውሉ «ያለኝንና ወደፊት የማፈራውን ተንቀሳቃሽ ንብረት በሙሉ» የሚል ከሆነ፣ ለአነስተኛ ብድር ሀብቱን ሁሉ ያሰረ ነጋዴ ሌላ አበዳሪ በፈለገ ጊዜ በዋስትና የሚያቀርበው ነፃ ንብረት ሊያጣ ይችላል። አበዳሪውም ምዝገባውን ካዘገየ ቀድሞ ላስመዘገበው ሌላ ባለገንዘብ ቅድሚያውን ሊለቅ ይገደዳል።

ስለሆነም ተበዳሪዎች ከመፈረማቸው በፊት በመያዣነት የተሰጠው ንብረት ተለይቶ መጻፉን፣ ወደፊት የሚገኝ ንብረት መካተት አለመካተቱን እና ክፍያ ቢቋረጥ አበዳሪው የሚወስደውን እርምጃ በጥንቃቄ ማየት ይገባቸዋል። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ምዝገባው መሰረዙን ማረጋገጥም ያስፈልጋል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በንብረቱ ላይ የተመዘገበ የዋስትና መብት አለመኖሩን ሊያጣራ ይገባል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በየአካባቢው ሲገኝ፣ የልብስ ሰፊው መኪና ከሥራ ሳይስተጓጎል የብድር ዋስትና ሆኖ ያገለግላል።