የባሕር ፋናና የሕፃናት ትምህርት

ባሕርን ላላየ ሕፃን የመርከብ ታሪክ ምን ይረባዋል የሚል አይታጣም። ነገር ግን የአክሱም ነገሥታት በአዱሊስ ወደብ ከግብፅና ከሕንድ ጋራ ይነግዱ ነበርና፥ ልጅ የአባቶቹን ደጅ ሳያውቅ ሊያድግ አይገባውም። በእስክንድርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ የተሠራው የፋሮስ ግንብ፥ ቁመቱ ከ100 ሜትር የሚበልጥ የባሕር ፋና ነበረ፤ በኋላ የምድር መናወጥ አፈረሰው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1823 ፈረንሳዊው ፍሬኔል በኮርዱዋን ግንብ ላይ ጨረሩን በመስተዋት ሰብስቦ ወደ ሩቅ ሰደደው። መምህሩ ይህንኑ በሻማና በአጉሊ መነጽር ቢያሳይ ሕፃናት የብርሃንን ጠባይ ፈጥነው ያስተውላሉ። ከዕውቀቱ የሚበልጠው ግን ምግባሩ ነው፤ የፋናው ጠባቂ ሌሊቱን ሁሉ ይተጋ የነበረው ስሙን ለማያውቀው መንገደኛ ነው። ይህን የተማረ ልጅ ነገ ሲሾም፥ ሹመት ለሌላው ማብራት መሆኑን አይዘነጋም።