ከቁልቢ እስከ ሁርሶ፦ ቆጥራችሁ የወሰዳችሁትን ቆጥራችሁ ንገሩን

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው አውራ ጎዳና የስለት መንገድ ይሆናል። አንዱ ልጅ አግኝቶ፣ ሌላው ከደዌው ተፈውሶ፣ ሦስተኛው ገና ያልደረሰለትን ልመና ተሸክሞ ወደ ቁልቢ ይጎርፋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ እኔና ባለቤቴም ከእነዚሁ መንገደኞች ጋር ተቀላቅለን ነበር። ባለቤቴ ስለት ነበራት፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተጓዝኩት ስለት ሳይሆን ንዴት ይዤ ነው። ጉዟችን ከቁልቢ አልፎ፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ እስከምትገኘው ሁርሶ ድረስ ነበር። እዚያ የበኩር ልጃችን አለ።

ልጃችን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በምህንድስና ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ማስረጃውን በፖስታ ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲንከራተት ከረመና፣ አንድ ማለዳ እናቱን ሳይሰናበት፣ እኔንም ሳያማክር ተመዝግቦ ወታደር ሆነ። ስለ አገር ፍቅርና ስለ ዜግነት ግዴታ በየመድረኩ ሲደሰኩር የኖረ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የገዛ ልጁ የወታደር ልብስ ለበሰ ብሎ ሲበሽቅ ምን ይባላል? ግብዝ ይባላል። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያ ሰሞን በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬት ይንቀጠቀጥ ነበርና መተሐራንና አዋሽን ያለፍነው በጸጥታ ነው። ሚኤሶን ተሻግረን ወደ ጭሮ ዳገት ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ሂርናንና ጨለንቆን አልፈን ቁልቢ ደረስን። ስለዚህ ደብር አንድ ነገር ማስታወስ እፈልጋለሁ። እንደሚተረከው ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ስለት ተሳሉ፤ በ1888 ዓ.ም. ድሉ ከተገኘ በኋላ ስለታቸውን አገቡ። እንግዲህ ልብ በል፤ ዛሬ መካን የምትማጸንበት፣ በሽተኛ የሚሳልበት ያ ደብር፣ ከመነሻው የዘማች ስለት ነው። ሄዶ መመለስ በራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን፣ የተመለሰም ያልተመለሰም ሰው ስሙ ሊጠራ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ያሠራው ቤት ነው።

ከቁልቢ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ወርደን፣ በማግስቱ ወደ ሁርሶ አቀናን። ሁርሶ በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ ያለች፣ ሙቀቷ የሚያንገበግብ ትንሽ ቦታ ናት። ስሟ ግን ከመጠኗ በላይ ገንኗል፤ ምክንያቱም የወታደር ማሠልጠኛ አለባት። በሰኔ 1984 ዓ.ም. ኦነግ ከሽግግር መንግሥቱ ከወጣ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ታጣቂዎቹና ደጋፊዎቹ ናቸው የተባሉ ሰዎች ከታጎሩባቸው ካምፖች አንዷ ሁርሶ ነበረች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች እዚያው ሰፍረው የእኛን ወታደሮች ያሠለጥኑ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ፀሐይ ሥር፣ ሁለት ዓይነት ወታደር ማለት ነው። የአሜሪካዊው ወታደር አገር፣ የሞተባትን ሰው ቤተሰቡ እንደተረዳ ከነስሙ፣ ከነዕድሜውና ከነትውልድ ከተማው ለሕዝብ ትገልጻለች። የኢትዮጵያዊው ወታደር አገርስ?

ልጃችንን ያገኘነው በአንዲት የሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የግማሽ ቀን ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ነገር ግን፣ ልመስክር፣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ቀና ብሎ ይሄዳል። እናቱ ያመጣችውን ዳቦና ድፎ ለጓደኞቹ አካፈለ። ንዴቴ ቀስ በቀስ እየለቀቀኝ ሲሄድ፣ ከጎናችን ባለው አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት ልጄን ትክ ብለው ሲያዩት አስተዋልኩ። እኛ የመጣነው በገዛ መኪናችን ነው፤ እሳቸው ግን ከወደ አርሲ ተነስተው፣ አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ ቁልቢን ተሳልመው ነው ሁርሶ የደረሱት።

ልጃቸው በኅዳር 2014 ዓ.ም. «አገር ተደፈረች» ተብሎ በየቀበሌው ጥሩምባ ሲነፋ ከተመዘገቡት አንዱ ነው። ሠልጥኖ የወጣው ከሁርሶ ነው። ጦርነቱ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ደወለላቸው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጠራም። እናት የልጃቸውን አድራሻ ሲጠየቁ የሚያውቁት አንድ የቦታ ስም ብቻ ነው፤ ሁርሶ። ስለዚህ በየዓመቱ ገብርኤልን ተሳልመው ወደ ሁርሶ ይመጣሉ።

ወደ እኔ ዘወር አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «ወንድሜ፣ እርስዎ የተማሩ ይመስላሉ። እንደው ይንገሩኝ፤ የሞተ ሰው ስም የሚጠየቀው የት ነው?»

ልብ በል አንባቢዬ፤ «ለምን ሞተ?» አላሉም። «ማን ገደለው?» አላሉም። «ካሣ ይሰጠኝ» አላሉም። የጠየቁት ቢሮውን ነው። እኔም የፍልስፍና ዶክተር ተብዬው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዝምታዬን አይተው ቀጠሉ፦ «ቢኖር ለገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ፤ ቢሞት ተዝካሩን አወጣለሁ። ሁለቱም ተከለከልኩ።»

ከሁርሶ የተመለስኩት ይህንን ዓረፍተ ነገር ተሸክሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የፖለቲካ ትንታኔ ሁሉ ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያንስብኝ ከረመ።

እስቲ ነገሩን በግልጽ እናስቀምጠው። የሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ሟቾቹ እስከ 600,000 ሊደርሱ እንደሚችሉ ተናግረዋል። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ስንት ወታደር እንደሞተበት ይፋ አላደረገም። ስም ዝርዝር አላወጣም። ብሔራዊ የሐዘን ቀን አላወጀም። ይህ የዛሬ ልማድ ብቻም አይደለም፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ጦርነት ኤርትራ 19,000 ወታደሮች እንደሞቱባት ስትናገር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱን ሙታን ቁጥር ለሕዝቡ በይፋ ሳያሳውቅ ነው የቀረው። መንግሥት ተለወጠ፤ ዝምታው ግን በርስትነት ተላለፈ።

ከሌላው ወገን የሆነውን ደግሞ እንይ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በጦርነቱ የወደቁ ታጋዮችን መርዶ ለቤተሰቦቻቸው አረድቶ፣ የሦስት ቀን ሐዘን አውጆ፣ ሕዝቡ በአንድነት አለቀሰ። ስለዚያ አስተዳደርና ስለ ሕወሓት ያለህ አቋም የፈለገው ይሁን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የትግራይ እናት አልቅሳለች፤ የአርሲዋ እናት ገና አላለቀሰችም። በጦርነት አሸናፊ ማን እንደሆነ ስንከራከር የከረምን ሁሉ ይህን እንዴት እንመዝነዋለን?

በደቡብ ኮርያ፣ ፑሳን ከተማ፣ የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መካነ መቃብር አለ። እዚያ ባለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ70 ዓመት በፊት የወደቁ የቃኘው ሻለቃ ልጆች፣ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን፣ ስማቸው ተቀርጿል። ለባዕድ አገር የሞተው ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ስም አለው፤ ለአገሩ የሞተው ኢትዮጵያዊ በአገሩ ስም የለውም። ከዚህ የበለጠ ውርደት ካለ ንገሩኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከነጓዙ ሰምቼዋለሁ። «ቁጥሩ ወታደራዊ ምስጢር ነው፤ ለጠላት መረጃ ይሆናል» ይባላል። ውጊያ በሚካሄድበት ሳምንት እውነት ሊሆን ይችላል። ጦርነቱ በፊርማ ከተዘጋ በኋላ ግን ከማን የሚደበቅ ምስጢር ነው? ጠላት የተባለው ወገን የራሱን መርዶ ነግሮ ጨርሷል። ምስጢሩ የተጠበቀው ከጠላት ሳይሆን ከእናት ነው።

«የሠራዊቱን ሞራል ይጎዳል» ይላሉ ደግሞ። እኔ ወታደር አይደለሁም፤ ሆኖም የወታደር አባት ሆኛለሁ። ብሞት ስሜ ይጠራል፣ እናቴ ትረዳለች ብሎ የሚያምን ወታደርና፣ ብሞት እንደ ጉም እተናለሁ ብሎ የሚያስብ ወታደር፣ ከሁለቱ የማንኛው ሞራል ነው የሚበልጠው?

«ትርምስ ነበር፤ መዝገብ ጠፍቷል» የሚለው ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የደከመው ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በዝርዝር ነው። በየወሩ ማን እንደፈረመ፣ ማን ከየትኛው ወር ጀምሮ ሳይፈርም እንደቀረ የሚያውቅ መንግሥት፣ ማን እንዳልተመለሰ አላውቅም ሊል አይችልም። መርዶ የደረሳቸው ቤተሰቦች እንዳሉ አልክድም። ነገር ግን ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ሳይደርስ የቀረ መርዶ ሥርዓት አይባልም፤ ዕድል ነው።

የዚህ ዝምታ ዋጋ እንባ ብቻ አይደለም። መርዶ ያልተነገረው ሰው እድሩ አይከፍልለትም፤ ውርሱ አይከፈልም፤ ሚስቱ ባሏ የሞተባት ተብላ ሕይወቷን አትቀጥልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ድምፁ ሁለት ዓመት ያልተሰማ ሰው ስለ መጥፋቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እንግዲህ አስቡት፤ መንግሥት መዝግቦ፣ አልብሶ፣ አስታጥቆ፣ በመኪናው ጭኖ የወሰደውን ልጅ፣ እናት ዳኛ ፊት ቀርባ «ጠፍቶብኛል» ብላ ታስመሰክር? ልጁ እኮ አልጠፋም። የት እንደገባ የሚያውቅ አለ።

አሁን ቀደም ሲል ወዳስቀመጥኩት ጉዳይ ልመለስ፤ ስለ እኛ ስለ ተማርነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? የአንድ ወር ደመወዜን ሰጥቻለሁ፤ ደም ለግሻለሁ፤ «ጊዜው የዝመት ነው» የሚል ጽሑፍም አውጥቻለሁ። ብዙዎች አመስግነውኛል። ያን ጊዜ የራሴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈተናውን ያጠና ነበር፤ እሱ ይዝመት የሚል ሐሳብ ለአንድ ደቂቃ እንኳን በአእምሮዬ አልመጣም። «ዝመት» ስል የማናግረው የሌላ ሰው ልጅ ነበር፤ የአርሲዋን እናት ልጅ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይላል ያገሬ ሰው።

ጦርነቱን የደገፍክም የተቃወምክም አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር አይፈታም። የእኔ ክስ ሌላ ነው። እኛ የከተማ ምሁራን ከጦርነቱ በኋላ ስለ ሽግግር ፍትሕ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ስለ ምክክር ኮሚሽን በየአዳራሹ ጥናት አቅርበናል፤ አበልም ተቀብለናል። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን «የስም ዝርዝሩ የት አለ?» ብለን ጠየቅን? እኔ አልጠየቅኩም። መጠየቅ የጀመርኩት ልጄ ዩኒፎርሙን ከለበሰ በኋላ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነው፤ ሳልናገረው ባልፍ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

የምጠይቀው ሰማይ ይውረድ አይደለም። አንደኛ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የወደቁ ወታደሮች ስም ዝርዝር ይውጣ፤ የሞቱ፣ የተማረኩ፣ ያልታወቁ ተብሎ ተለይቶ። ሁለተኛ፣ አንዲት እናት መታወቂያዋን ይዛ ገብታ የልጇን ስም የምትጠይቅበት፣ መልሱንም በጽሑፍ የምትቀበልበት ቢሮ በየዞኑ ይኑር። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመከላከያ በጀት ሲያጸድቅ ባለፈው ዓመት የሞቱት ስንት እንደሆኑ ይጠይቅ፤ መልሱም ለሕዝብ ይነገር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ሞትን የሚያህል ነገር ካልተገለጸ ግልጽ የሚሆነው ምኑ ነው?

ከሁርሶ ስንመለስ ልጄ እኔን ለብቻዬ ወደ መኪናው ጎን ወሰደኝና፣ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት በእጄ አስጨበጠኝ። አራት የስልክ ቁጥሮች ተጽፈውባታል። «አባዬ፣ የጓደኞቼ እናቶች ስልክ ነው» አለኝ። «እነሱም የእማዬን ስልክ ይዘዋል። የተረፈው ይደውላል ተባብለናል።»

ውድ አንባቢ፣ መንግሥት ሊይዘው የሚገባውን መዝገብ የሃያ ሦስት ዓመት ልጆች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፈው በኪሳቸው ይዘውታል። ያቺ ወረቀት ዛሬም ከእኔ ጋር ናት። የአርሲዋ እናት የሰጡኝን የልጃቸውን ሙሉ ስም ከሥሯ ጽፌበታለሁ፤ የሚጠይቅ ቢሮ የተገኘ ቀን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።