ማህተሙ ይቆየን፣ መጀመሪያ ዓይናቸው ይታይ

ጎረቤቴ ጋሼ ሰሞኑን መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የጤና ምርመራ ሄደው፣ «ብቁ ነዎት» ተብለው፣ በጣም ተናደው ተመለሱ። ያናደዳቸው ማለፋቸው ነው።

ጋሼ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ የጣርማበርን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የወረዱ ሾፌር ናቸው። አሁን ሰማንያን ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ዓይናቸው ላይ እንደሚበተንባቸው፣ አንገታቸውም እንደ ድሮው ወደ ኋላ እንደማይዞር ራሳቸው ያውቃሉ። ምርመራ የሄዱትም ይህንኑ ሊጠይቁ ነበር። ክሊኒኩ ግን የደም ግፊታቸውን ለካ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አስነበባቸው። ያንንም ቢሆን ከሳቸው በፊት የገባው ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው በር ላይ ሆነው ሰምተውታል። ከዚያ ማህተም ተመታ፣ አለቀ። «የምወስደውን መድኃኒት እንኳ አልጠየቁኝም» አሉኝ። «እኔ እኮ የሄድኩት እውነቱን እንዲነግሩኝ ነው።»

ከማህተም ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ይሄኛው የባሰብኝ ሰው ሊገድል ስለሚችል ነው። ሰንጠረዥ ማንበብ የሚለካው ፊት ለፊት ያለውን እይታ ነው። ግላኮማ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰርቀው የጎኑን ነው፤ ሰውየው የመጨረሻዋን መስመር አጥርቶ እያነበበ፣ ከቀኝ በኩል ዜብራ ላይ የገባችውን ልጅ ላያያት ይችላል። የዓይን ሞራም ቀን ክፍል ውስጥ ሲመረመር ቀላል መስሎ፣ ማታ መብራት ሲመጣበት ሌላ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ድንገት ከወረደበት መሪ እንደጨበጠ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህ ደግሞ የሽማግሌ ብቻ ጣጣ አይደለም።

«ሰባ ዓመት ከሞላው ላይ ሁሉ መንጃ ፈቃዱን መቀበል ነው» የሚሉም አሉ። አይሆንም። ዕድሜ ብቻውን በሽታ አይደለም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ዕድሜያቸው የገፋ አሽከርካሪዎች ፈቃድ ሲያሳድሱ የማስታወስና የማገናዘብ ፈተና እንዲወስዱ አደረገች። ተመራማሪዎች ከዚያ በፊትና በኋላ የነበረውን ሲያነጻጽሩ፣ ሞት ባስከተሉ አደጋዎች ውስጥ የሚገቡት አረጋውያን አሽከርካሪዎች አልቀነሱም፤ በእግርና በብስክሌት ሲሄዱ የሚሞቱት አረጋውያን ግን ጨምረው ተገኙ። በ2017 አገሪቱ በዕድሜ ብቻ የሚጠየቀውን የሐኪም ምርመራ አስቀረችው። መኪናውን የተቀማ ሽማግሌ ቤቱ አይቀመጥማ፤ አስፋልት ሊሻገር ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው።

ጋሼም ቤት የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እድር አለ፣ ለቅሶ አለ። ባለቤታቸው የሐኪም ቀጠሮ አለባቸው፤ የሚያደርሷቸው እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ከውጭ እየደወሉ «አባዬ፣ በቃ መኪናውን ሽጠው» ይሏቸዋል። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ግን ከሸጡት በኋላ በዚያ ጉልበት የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙት እናትና አባት ናቸው፤ ይህን ሳያስቡ መምከር ያሳዝነኛል።

ጋሼ የሚሉት አጭር ነው፦ «ማታ አትንዳ ቢሉኝ እተዋለሁ። ቀኑን ለምን ይከለክሉኛል?» ፈቃዱ ላይ «በቀን ብቻ» ብለው የሚጽፉ አገሮች አሉ። እኛም ብንጽፍ የሚጎዳ ሰው አይታየኝም።

ሐኪሞች፣ ነገሩ በእናንተ እጅ ነው። የጎን እይታ በጎላ ሁኔታ መጉደሉን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ሲመጡ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ አንድ ዓይናቸውን አስሸፍኑና ጣታችሁን ከዳር ወደ መሃል እያመጣችሁ «አሁን ይታይዎታል?» በሏቸው። አንገታቸውን ግራና ቀኝ አስዞሯቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቋቸው። ከተጠራጠራችሁ ወደ ዓይን ሐኪም ላኳቸው፤ ያገኛችሁትንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። ይህን ሳታደርጉ ማህተሙን አታንሱ።