ሣህለ ሥላሴን ፍለጋ

አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የገዙትን ንጉሥ ስም አንድ ተማሪ በኮምፒዩተር ከተከማቹ ጽሑፎች መካከል ሊፈልግ ተነሣ እንበል። «ሣህለ ሥላሴ» ብሎ ቢጽፍ፣ ፊደል ከፊደል ብቻ የሚያስተያየው ተራ መፈለጊያ «ሳህለ ስላሴ» የተባሉበትን ገጽ አያመጣለትም። «ሳሕለ ሥላሴ» ቢል ደግሞ ሁለቱም ይቀሩበታል። ሣ ወይም ሳ፤ ህ፣ ሕ ወይም ኅ፤ ሥ ወይም ስ፤ ሴ ወይም ሤ እያልን ብናባዛ አንዱ ንጉሥ 24 ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ! ስማቸውን ገጥመው የሚጽፉትን ሳንቆጥር ነው እንግዲህ።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሠ 4640 ሆነ፤ ሰ ደግሞ 4656። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሁለቱ ፊደላት ለመሣሪያው የበ እና የከ ያህል ባዕዳን ናቸው። መዝጋቢዎቹ አላጠፉም፤ ሆሄያቱን እንዳሉ መመዝገብ ነበረባቸው። የቀረው ሥራ የእኛ ነው።

ከአንኮበር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። (ቁጥሩ ከላይኛው ጋር ቢገጥምም ዘመኑ ሌላ ነው፤ ይህም ራሱ አንድ የኮምፒዩተር ጣጣ ነው።) ኮምፒዩተር ሳይንስና ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ በዚያ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣሉ። በአገራችን እነዚህን ትምህርቶች የሚከታተሉ ወጣቶች በመጨረሻው ዓመት የሚያቀርቡትን የመመረቂያ ሥራ ልብ ብሎ ላየ፣ አብዛኛው የሆቴል ክፍል ማስያዣ፣ የክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ የመጻሕፍት ማዋሻ ነው። ከዓመት ዓመት ስሙ ብቻ ይለወጣል። የንጉሡ 24 ስሞች ግን ጠያቂ አላገኙም። የአማርኛን ጽሑፍ ለኮምፒዩተር ማስነበብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠና ቢቆይም በአብዛኛው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ግን ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ይውረድ ባይ ነኝ።

«ታዲያ ሞክሼዎቹን ፊደላት አንድ አድርጎ መገላገል ነው» የሚል አይጠፋም። ችኮላ ነው። «ሠረቀ» ያለው የግእዝ መጽሐፍ ፀሐይ ወጣች ማለቱ ነው፤ «ሰረቀ» ያለው ሌባውን ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ። ፊደላቱን ያዋሐደ መፈለጊያ ሌባውንና ፀሐይን በአንድ ከረጢት ያመጣልናል፤ ያላዋሐደ ደግሞ ንጉሡን ይደብቅብናል። መቼ እንደሚዋሐዱና መቼ እንደሚለዩ የሚወስን ስሌት መቀመር ቋንቋውንም ስሌቱንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ይህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ነው፤ ያውም ከባዱ። ፈላጊው ማን ነው፣ በየትኛው ቢሮ ተቀምጦ፣ ለምን ጉዳይ ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ደግሞ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ድርሻ ነው። በትምህርት ማስረጃው «ኃይለ ማርያም»፣ በቀበሌ መታወቂያው «ሀይለማርያም» የሆነ ሰው አንድ ሰው መሆኑን የሚያስረዳለት ይሻል። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በወጣባት አገር ይህ የሥነ ጽሑፍ ቅንጦት ብቻ አይደለም።

መጥበቅና መላላትማ የባሰ ነው። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው ከዐውዱ ካልሆነ አይለይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረው ነበር፤ ተከታይ ግን ብዙ አላገኙም። የማጥበቂያ ምልክት በዩኒኮድ ቁጥር ያገኘው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲው አስቀድመው ያዩትን መሐንዲሶቹ ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ ደረሱበት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ አንድ የኮምፒዩተር ተማሪ በአራት ዓመት ቆይታው አንድ ቀን እንኳ ባይሰማው ያሳዝነኛል።

ተማሪው ሥራ ማግኘት አለበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፣ ፈተናውም ስለ ሠ እና ሰ አይጠይቅም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የመመረቂያ ሥራ መሥራቱ ላይቀር፣ ካርድ ክፍሉን ለሺኛ ጊዜ ከሚሠራ ይህን ቢሠራ ምን ይጎድልበታል? የመረጃ ቋት አሠራሩ ያው ነው፤ ፕሮግራም መጻፉም ያው ነው። የሚጨመረው የአማርኛ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር ከገምጋሚዎቹ ጋር መቀመጡ ብቻ ነው።

ሥራው ትንሽ ሆኖ ይጀመር፤ የሰሜን ሸዋ ቦታዎችና የነገሥታቱ ስሞች ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው በአንድ ቋት ይሰብሰቡ። ለመነሻም ሩቅ አያስኬድም፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ራሱ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሀን፣ ደብረብርሃን እየተባለ ይጻፋልና።