ድርጭት በ18 ቀን ይፈለፈላል፤ ገዢውስ?

ጎረቤት አገር ኬንያን እ.ኤ.አ በ2013 ማብቂያና በ2014 መግቢያ ላይ የድርጭት ወረት ይዟት ነበር። የድርጭት እንቁላል የማያድነው በሽታ የለም ተብሎ ተወራ፤ ስኳሩም፣ ደም ግፊቱም፣ አስሙም ተጠቀሰ። ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማትበልጠው እንቁላል እስከ 100 የኬንያ ሽልንግ ተሸጠች። ወፏ ከዱር እንስሳት የምትቆጠር ስለነበረች ለማርባት ከአገሪቱ የዱር እንስሳት አገልግሎት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ሕዝቡ ለፈቃዱም ተሰለፈ። ተበድሮ የገባበትም ጥቂት አልነበረም። ወራት ሳይቆይ ዋጋው ተንኮታኩቶ ከዶሮ እንቁላል በታች ወረደ። መኖ መግዛት ያቃታቸው አርቢዎች ወፎቹን አርደው በሉ።

በጊዜው ብዙዎች ጥፋቱን በመድኃኒትነቱ ወሬ ላይ አላከኩ። ወሬው ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን በየቤቱ ጥግ የተቀመጠው የመፈልፈያ ሣጥን ነው።

የጃፓን ድርጭት የሚባለው የእርባታ ዝርያ ለረጅም ዘመን በሰው እጅ ሲራባ ኖሮ እንቁላሉን መታቀፍ ረስቷል። ስለዚህ ጫጩት የሚፈልግ ሰው ወይ በትንሽ ዶሮ ማስታቀፍ ወይ መፈልፈያ ማሽን መግዛት ይኖርበታል። ሥራው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማቆየት፣ እንቁላሉን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማገላበጥ፣ ከ14ኛው ወይም ከ15ኛው ቀን በኋላ ማገላበጡን አቁሞ እርጥበቱን ከፍ ማድረግ ነው። በ17ኛው ወይም በ18ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። የዶሮ 21 ቀን ይፈጃል። የድርጭት ጫጩት ስትወጣ ክብደቷ ከ10 ግራም በታች ነው፤ የውሃ መጠጫዋ ውስጥ ጠጠር ካልተደረገላት ሰምጣ ትሞታለች።

አዲስ አበባ ላይ ልሞክረው የሚል ሰው ሁለት ተጨማሪ ችግር ይጠብቀዋል። መብራት ይጠፋል። ለአንድ ሰዓት ከሆነ ማሽኑን ሳይከፍቱ ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ግማሽ ቀን ከጠፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗም አየሩ ስስ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚፈለፈለው እንቁላል ቁጥር ይቀንሳል። ይሁን እንጂ እነዚህ በልምድ የሚቃለሉ ናቸው።

የማይቃለለው ስሌቱ ነው። ማሽኑ ከገቡት 100 እንቁላሎች 60 ጫጩት ወጣ፣ 50ው አደገ፣ ግማሹ ሴት ሆነ ይባል። ድርጭት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ መጣል ትጀምራለች። 25ቱ ሴቶች በሳምንት አምስት አምስት ቢጥሉ 125 እንቁላል ይሆናል። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መቶ እንቁላል ገዝቶ የጀመረው ሰው በየሳምንቱ ከመቶ በላይ የሚሸጥ ሆኗል ማለት ነው። እሱ የሸጠላቸውም በተራቸው እንዲሁ ይሆናሉ። ላም ወይም ቡና የሚያለማ ሰው ገበያው እስኪጠግብ ዓመታት አሉት፤ ድርጭት አርቢ ያለው አንድ ክረምት ነው። ለሻጭ ማስታወቂያ የሆነው የወፏ ፍጥነት ገበያውንም የሚያፈርሰው እሱ ራሱ ነው። (በኦሪት ዘኁልቁ ድርጭት በሰፈሩ ዙሪያ ሁለት ክንድ ያህል ተከምሮ ነበር፤ ያኔም መጨረሻው አላማረም።)

ስለዚህ ማሽን ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ እንቁላሉን ማን ይበላዋል የሚለው ነው። የድርጭት እንቁላል ክብደት ከ10 እስከ 12 ግራም ነው፤ አምስቱ ተደምረው አንድ የዶሮ እንቁላል ያህላሉ። በወጥ ቤት ሚዛን ሲታይ አንዱ የዶሮውን አንድ አምስተኛ ያህል ቢያወጣ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚከፍል ሰው ወይ ለብርቅነቱ፣ ወይ ለመድኃኒትነቱ ወሬ፣ ወይ ራሱ ሊፈለፍል ነው የሚከፍለው። ለብርቅነቱ የሚከፍሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ይገኙ ይሆናል፤ ቁጥራቸው ግን ማሽን ሻጩ እንደሚያወራው አይደለም። ሊፈለፍል የሚገዛው ደግሞ ደንበኛ መስሎ የመጣ የነገ ተፎካካሪ ነው።

ጾሙም አለ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የእንቁላል ገዢ ይሳሳል፤ ድርጭቷ ግን ጾም አታውቅም፣ መኖዋን በልታ ትጥላለች። ለመፈልፈያ የተያዘ እንቁላል ከሳምንት እስከ አሥር ቀን በላይ ከቆየ ጫጩት የመስጠት አቅሙ እየወረደ ስለሚሄድ እስከ ፋሲካ ላቆየው ማለት አይቻልም። ላለማክሰር ብሎ ማሽን ውስጥ የከተተው አርቢ ደግሞ፣ በጾሙ መግቢያ ላይ ያስገባው እንቁላል ለፋሲካ ሰሞን ራሷ ልትጥል የተቃረበች ወፍ ሆና ትጠብቀዋለች፤ መኖ ትጠይቀዋለችም።